በሐይቅ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ የሚበላውና የሚፈነዳው በማን ነው?

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ የተኛ ኩሬ ጥርት ቢልም ባዶ አይደለም። በ1 ሚሊ ሊትር የሐይቅ ውሃ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ፣ ከዚያ 10 እጥፍ ያህል ደግሞ ቫይረስ ይገኛል።

ሁለቱ የባክቴሪያ ገዳዮች ሲምታቱ ይታያል። ፍላጀሌት የሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ በላተኞች ባክቴሪያውን ይውጡታል፤ እነሱን ትልልቆቹ ይበሏቸዋል፣ ምግቡም እስከ ዓሣ ይደርሳል። ቫይረስ ግን አይበላም። ባክቴሪያው ላይ ተጣብቆ ዘረ መሉን ያስገባል፣ ውስጡ ይባዛል፣ በመጨረሻም ያፈነዳዋል። የፈሰሰው ነገር ውሃው ውስጥ ይሟሟና መልሶ የሌሎች ባክቴሪያዎች ቀለብ ይሆናል፤ ወደ ዓሣ የሚሻገረው ያንሳል። «የቫይረስ አቋራጭ» የሚባለው ይኸው ነው።

በላተኛው የሚመርጠው በመጠን ነው። ስለዚህ አንዳንድ ባክቴሪያ እንደ ክር ይረዝማል፣ ለመዋጥም ያስቸግራል። ርዝመቱ ከቫይረስ ግን አያስጥልም፤ ቫይረስ የሚለየው በዝርያ ነው፣ በተለይ የበዛውን ይመታል። አንድ ዝርያ ብቻውን ሐይቁን እንዳይወርስ የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ውሃውን ለመጠጥ አያነጻውም። ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉት እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋዎች ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።