የዳክዬ ኩርባ ምንድን ነው? የቀትር ፀሐይ ለምሽት መብራት እንዴት ደረሰች

የዳክዬ ኩርባ የአንድ ቀን የኤሌክትሪክ ፍላጎት ግራፍ ነው፤ የሙሉውን ፍላጎት ግን አያሳይም። ሕዝቡ ከሚፈልገው ኃይል ላይ ፀሐይና ነፋስ የሚሸፍኑት ተቀንሶ የቀረው ብቻ ነው የሚሰመረው። ባለሙያዎቹ «የተጣራ ፍላጎት» ይሉታል። በጋዝ፣ በግድብ፣ በኒውክሌር ወይም ከጎረቤት ተገዝቶ መሟላት ያለበት ይህ ቀሪ ነው፤ የግሪድ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መረቡ፣ መቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ዓይናቸውን የሚተክሉትም እሱ ላይ ነው።

መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ተከተሉት። ሌሊት ዝቅ ያለ ነው። ሰው ሲነሳ ትንሽ ቀና ይላል፤ ይህ የዳክዬዋ ጅራት ነው። ፀሐይ ጠንከር ስትል ቁልቁል ይወርድና እኩለ ቀን ላይ ሆድ ያወጣል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽቅብ ይመዘዛል፤ አንገቷ ይህ ነው። ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሷ ላይ ይደርሳል፤ ሰው ሲተኛ ደግሞ በምንቃሯ በኩል ይወርዳል። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ቀኖቹና ዓመቶቹ ግን የፈረንጆቹ ናቸው።)

ቅርጹን ዝነኛ ያደረገው ካይሶ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የካሊፎርኒያ ግሪድ አስተዳዳሪ ነው። በ2013 ባወጣው ግራፍ አንድ የጸደይ ቀን፣ ማርች 31ን፣ ወስዶ እስከ 2020 ድረስ በየዓመቱ ምን እንደሚመስል ገመተ። ዓመት በመጣ ቁጥር ሆዷ እየዘቀጠ፣ አንገቷ እየረዘመ ይሄዳል። በ2020 በሦስት ሰዓት ውስጥ ብቻ 13,000 ሜጋ ዋት ያህል መጨመር ያስፈልጋል የሚል ነበር ትንበያው። የህዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሁለት ተኩል የህዳሴ ግድብ አመሻሹ ላይ ከዜሮ ተነስቶ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሙሉ አቅሙ ላይ ይድረስ እንደማለት ነው፤ በማግስቱም እንደገና። እውነታው ይህንንም ትንበያ አልፎ ሄደ።

የጸደይ ቀን የተመረጠው በምክንያት ነው። ፀሐይዋ ብርቱ ናት፣ አየሩ ግን ገና አልሞቀም፤ ስለዚህ ኤሲ የሚከፍት የለም። የሴራ ኔቫዳ ተራሮች በረዶም ቀልጦ ግድቦቹን ይሞላል። ኃይል በየአቅጣጫው ሲመጣ ፈላጊው ጥቂት ይሆናል። በዚህ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ በሆኑ ቤቶች ጣሪያ ላይ ያለው ሶላር አለ። የግሪዱ አስተዳዳሪ ይህን ምርት እንደ ማመንጫ አያየውም፤ እሱ የሚያየው ቤቱ ከግሪዱ መሳብ ማቆሙን ብቻ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ሁሉ ቤት በአንድ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

ለምን ይህ ችግር ሆነ? ኤሌክትሪክ በተመረተበት ቅጽበት ካልተበላ መቀመጫ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ግሪዱ በ60 ኸርዝ ይሠራል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በ50። አቅርቦት ከፍላጎት ሲያንስ ይህ ፍሪኩዌንሲ ይወርዳል፤ አብዝቶ ከወረደ ጄነሬተሮቹ ራሳቸውን ለማዳን እየተነቀሉ ይወጣሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል። መላው አካባቢ ሊጨልም የሚችለው እንዲህ ነው። ስለዚህ የምሽቱ አንገት በደቂቃ በደቂቃ መሞላት አለበት።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን የቀኑን ሆድ ነው። በጋዝ ከሚሠሩት ትልልቅ ማመንጫዎች ብዙዎቹ ከቀዘቀዙ በኋላ ተነስተው ሙሉ ኃይል እስኪሰጡ ሰዓታት ይፈጅባቸዋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የምትፈልገው ማመንጫ እኩለ ቀን ላይም፣ ማንም ሳይፈልገው፣ በትንሹ እየነደደ መጠበቅ አለበት። እየነደደ ሲጠብቅ ደግሞ ኃይል ያመነጫል፤ ያ ኃይል የፀሐይዋን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ነዳጅ የማይጠይቀው ሶላር ይጠፋና ነዳጅ የሚበላው ጋዝ ይቀጥላል። በጅምላ ገበያው ላይ የኤሌክትሪክ ዋጋ ከዜሮ በታች የሚወርድባቸው ቀትሮች አሉ፤ አምራቹ ኃይሉን የሚወስድለት ሲያገኝ ራሱ ይከፍላል ማለት ነው። ካይሶ በ2024 ብቻ 3.4 ሚሊዮን ሜጋ ዋት ሰዓት ያህል የፀሐይና የነፋስ ኃይል እንዳይመረት አስደርጓል፤ አብዛኛው የፀሐይ ነው።

የ2020ው ኦገስት 14 ነገሩን በግልጽ አሳየ። ምዕራብ አሜሪካ በሙቀት እየተጠበሰ ነበር። ከቀኑ 10፡56 ላይ ጠቅላላ ፍላጎቱ የዕለቱ ጣሪያ ላይ ደረሰ፤ ወደ 46,800 ሜጋ ዋት። ምንም አልሆነም፤ ፀሐይዋ ገና ነበረች። ከዚያ ፍላጎቱ እየቀነሰ መጣ፤ ሶላሩ ግን ከፍላጎቱ ፈጥኖ ወረደ። ከምሽቱ 12፡38 ላይ ካይሶ የመጨረሻውን የአደጋ ደረጃ አውጆ መብራት እንዲቆረጥ አዘዘ። ሰው በብዛት ኃይል ይፈልግ ከነበረበት ሰዓት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በኋላ፣ ፍላጎት በረደ በተባለበት ሰዓት ማለት ነው። በግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ቆጣሪዎች በፈረቃ ጨለሙ፤ በማግስቱም ተደገመ። ካሊፎርኒያ ከ2001 ወዲህ እንዲህ ያለ ፈረቃ አይታ አታውቅም።

በኋላ የግዛቲቱ ተቋማት በጋራ ያወጡት ምርመራ ሦስት ምክንያት ጠቀሰ፦ በአየር ንብረት ለውጥ የከፋው ሙቀት፣ የኃይል ዕቅዱ የምሽቱን ሰዓት በበቂ አለማሰቡና የነገው ኃይል በዋዜማው በሚሸጥበት ገበያ ላይ የነበሩ አሠራሮች። ሶላሩን ራሱን ጥፋተኛ ያሉ ፖለቲከኞች ነበሩ። በእኔ እይታ ፍርዱ የተዛባ ነው። ዕቅዱ የቆየው «በቀኑ ከፍተኛ ፍላጎት ሰዓት በቂ ማመንጫ አለን ወይ?» በሚለው የድሮ ጥያቄ ላይ ነበር፤ ጭንቁ ግን ወደ ሌላ ሰዓት ተዛውሯል።

የባትሪው ታሪክ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስለ ባትሪ ዜና ስታነቡ ሁለት ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ለምሳሌ 300 ሜጋ ዋት፣ 1,200 ሜጋ ዋት ሰዓት። ጣሪያ ላይ ያለውን የውሃ ሮቶ አስቡ፤ ሜጋ ዋት የቧንቧው ውፍረት ነው፣ ሜጋ ዋት ሰዓት የሮቶው መጠን። 1,200ን ለ300 ስታካፍሉት 4 ይመጣል፦ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ሮቶው በአራት ሰዓት ባዶ ይሆናል። በካሊፎርኒያ አብዛኞቹ የግሪድ ባትሪዎች የአራት ሰዓት ናቸው። ይህ የኬሚስትሪ ግዴታ አይደለም። የግዛቲቱ ደንብ አንድን ባትሪ በሙሉ አቅሙ እንደ አስተማማኝ ማመንጫ የሚቆጥረው አራት ሰዓት መስጠት ከቻለ ነው፤ ባለሀብቱም ደንቡን አይቶ ነው የሚገነባው።

ይህን ያህል ባትሪ ለመግዛት ያስቻለው ደግሞ የዋጋው መውረድ ነው። የሊቲየም ባትሪ በ2010 በኪሎ ዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 አማካዩ 115 ዶላር ደረሰ። ፋብሪካዎቹ የተስፋፉት ለኤሌክትሪክ መኪና ሲባል ነው፤ ግሪዱ በሌላ ሰው ድግስ በላ። ካሊፎርኒያ የኤሌክትሪክ ድርጅቶቿ 1,325 ሜጋ ዋት ማከማቻ እንዲይዙ በ2013 አስገድዳ ስለነበር ገበያው ዝግጁ ነበር። በ2019 በግዛቲቱ የነበረው ባትሪ ሁሉ፣ የቤቱም ተጨምሮ፣ 770 ሜጋ ዋት ነበር። በ2024 ጸደይ 10,000ን አለፈ፣ በ2025 ደግሞ ከ15,700 በላይ ሆነ።

የአንድ ባትሪ ጣቢያ ውሎ ቀላል ነው። ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ዋጋው ሲረክስ ይገዛል፣ ይሞላል። ዳክዬዋ አንገቷን ስትመዝ ይሸጣል። መንገድ ላይ የሚባክን አለ፤ ካስገባው ከመቶ ወደ 85ቱን ነው የሚመልሰው። ነገር ግን ቀትር ላይ በነጻ ወይም ገንዘብ ተከፍሎት የወሰደውን ማታ በውድ ስለሚሸጥ ብክነቱ አያስጨንቀውም። ፍሪኩዌንሲው ሲንገዳገድ ደግሞ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፤ የትኛውም የጋዝ ተርባይን ይህን አይችልም። ውጤቱ በግራፉ ላይ ይታያል፤ ባትሪዎቹ ሲሞሉ ራሳቸው ፈላጊ ስለሆኑ የዳክዬዋን ሆድ ይሞላሉ፣ ሲሸጡ አንገቷን ያሳጥራሉ። በኤፕሪል 2024 አንድ ምሽት ከ2 ሰዓት በኋላ ከ6,000 ሜጋ ዋት በላይ ሰጥተው፣ ለጥቂት ጊዜ ቢሆንም፣ ከጋዝም ከግድብም ከኒውክሌርም በልጠው የግሪዱ ትልቁ ምንጭ ሆኑ።

ከዚያ በፊት በሴፕቴምበር 6 ቀን 2022 የመጣው ፈተና ከ2020ው የባሰ ነበር። ፍላጎቱ 52,061 ሜጋ ዋት ደረሰ፤ በካይሶ ታሪክ ከፍተኛው ነው። ከቀኑ 11፡45 ላይ በሚሊዮኖች ስልክ ላይ የአደጋ መልእክት ጮኸ፦ አሁኑኑ ኃይል ቆጥቡ። በግማሽ ሰዓት ገደማ ከ2,000 ሜጋ ዋት በላይ ፍላጎት ወረደ። በ2020 ገና ጥቂት የነበሩት ባትሪዎችም ከ3,000 ሜጋ ዋት በላይ ጨመሩ። ያን ምሽት ካይሶ ፈረቃ አላዘዘም። ዋናው ባለውለታ ባትሪው ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ኤሲውን ዝቅ ያደረገውን ሕዝብ አልረሳውም።

ባትሪው የራሱን አደጋ ይዞ መጥቷል። ሞስ ላንዲንግ በሞንተሬይ የባሕር ወሽመጥ ዳር ያለ፣ ረጃጅም ጭስ ማውጫዎቹ ከሩቅ የሚታዩ የድሮ ጋዝ ማመንጫ ነው። 300 ሜጋ ዋት ባትሪ የተደረደረው ተርባይኖቹ በነበሩበት አዳራሽ ውስጥ ነበር። በጃንዋሪ 16 ቀን 2025 እሳት ተነሳ፤ ከሺህ በላይ ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ፣ ሀይዌይ 1ም ተዘጋ። አንዱ የሊቲየም ሴል ከልክ በላይ ሲግል ጎረቤቱን ያግላል፣ ጎረቤቱም ቀጣዩን፤ ውሃ በቀላሉ የሚያቆመው ነገር አይደለም። ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር መደርደሩ ነው ነገሩን ያከፋው። አሁን የሚገነቡት በአብዛኛው ውጭ፣ ተራርቀው በሚቀመጡ ኮንቴይነሮች ውስጥ ናቸው፤ ባትሪውም ከኒኬል ይልቅ በቀላሉ እሳት ወደማይይዘው የብረት ፎስፌት ዓይነት ዞሯል።

ሳን ሆዜ፣ ኦክላንድ ወይም ሳን ዲዬጎ የምትኖሩ አንባቢዎች ዳክዬዋን በወር ክፍያችሁ ላይ ታውቋታላችሁ። ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ኤሌክትሪኩ የሚወደደው አንገቷ ያለችበት ሰዓት ስለሆነ ነው። የልብስ ማጠቢያውን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መክፈት፣ የኤሌክትሪክ መኪናውንም ያን ጊዜ መሰካት ገንዘብ ይቆጥባል። በጣሪያው ሶላር ያለውም ቢሆን ከኤፕሪል 2023 ወዲህ አዲስ ገቢ ከሆነ ቀትር ላይ ለሚሸጠው የሚከፈለው በጣም ቀንሷል፤ አሁን ሶላር የሚያስገቡ ብዙዎች ባትሪም አብረው የሚያስገቡት ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዳክዬዋ የለችም። ኃይላችን ከሞላ ጎደል ከግድብ ስለሆነ ምሽት ላይ መብራቱና ምድጃው ሲበዛ ለተርባይኑ ውሃ መጨመር ይበቃል። ግድብ ራሱ ማከማቻ ነው። ወደፊት ሶላር በብዛት ቢገባ ቀን ቀን ፀሐይዋ እየሠራች ውሃውን በግድቡ ማቆየት፣ ማታ መልቀቅ ይቻላል፤ ካሊፎርኒያ በቢሊዮን ዶላር ባትሪ የምትገዛውን አገልግሎት ማለት ነው። በእርግጥ ማስተላለፊያ መስመሩ ከቻለው። መብራት ሄዶ የሚያመሸው ሰፈር ችግሩ ብዙ ጊዜ ትራንስፎርመሩና መስመሩ ናቸው፤ ለዚያ የማመንጫ ብዛት መድኃኒት አይሆንም።

የአራት ሰዓት ባትሪ የቀትርን ፀሐይ ለእራት ሰዓት ያደርሳል። የጁላይን ፀሐይ ለዲሴምበር አያደርስም። በካሊፎርኒያ ክረምት፣ ዲሴምበር አካባቢ፣ ቀኑ ያጥራል፣ ከፓሲፊክ የሚመጣ ዝናብ ሰማዩን ለተከታታይ ቀናት ይሸፍናል፤ ባትሪው ያን ጊዜ የሚሞላበት ትርፍ ራሱ የለም። ካሊፎርኒያ በ2025 ልትዘጋው ቀን ቆርጣለት የነበረውን የዲያብሎ ካንየንን 2,200 ሜጋ ዋት ኒውክሌር በ2022 ባወጣችው ሕግ እስከ 2030 እንዲቆይ የፈቀደችው፣ አሮጌ የጋዝ ማመንጫዎችንም በተጠንቀቅ የያዘችው የግሪዱ አስተማማኝነት ስለሚያሰጋት ነው።