ላንቺያ ስትራቶስ ዜሮ

ላንቺያ ስትራቶስ ዜሮ የጣሊያኑ የመኪና ቅርጽ ነዳፊ ቤርቶኔ ኩባንያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1970 በቱሪን የመኪና ትርኢት ላይ ያቀረበው፣ ሁለተኛ ያልተሠራለት የኤግዚቢሽን መኪና ነው። ንድፉን ያወጣው በማግስቱ ዓመት የላምቦርጊኒ ካውንታሽን ቅርጽ ይዞ ብቅ ያለው ማርቼሎ ጋንዲኒ ነበር።

መኪናው ሲታይ ሽብልቅ ይመስላል። ከመሬት እስከ ጣሪያው 84 ሴንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ ከቆመ ጎልማሳ ወገብ አይደርስም። በጎኑ በር የሚባል ነገር የለውም፤ መግባት የፈለገ ሰው የፊት መስታወቱን ወደ ላይ ከፍቶ፣ መሪው ወደፊት ሲሸሽለት፣ በአፍንጫው ላይ የተነጠፈውን ጥቁር ጎማ ረግጦ ይገባና በጀርባው ጋደም ብሎ ይቀመጣል። የፊት መብራቶቹ በአንድ ጠባብ መስመር የተደረደሩ ትንንሽ አምፖሎች ሲሆኑ፣ ከኋላ ያለው የሞተር ክዳንም በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የተደራረቡ ዝርግ ብረቶችን የያዘ ነው።

ለትርኢት ብቻ ከሚሠሩ ባዶ ቀፎዎች የሚለየው ግን በራሱ ሞተር የሚሄድ መሆኑ ነው። የጣሊያኑ መኪና አምራች ላንቺያ ከሠራው ፉልቪያ ከተባለ መኪና የተወሰደው 1.6 ሊትር ሞተር ከተቀመጮቹ ጀርባ ተተክሎለታል። የቤርቶኔ ኩባንያ ባለቤት ኑቾ ቤርቶኔ መኪናውን ራሳቸው እየነዱ ወደ ላንቺያ የእሽቅድምድም ክፍል እንደሄዱና በበሩ ላይ የተጋደመውን መዝጊያ ሳያስነሱ ከሥሩ ሾልከው እንደገቡ ይተረካል። ታሪኩ በአፍ ሲዘዋወር ሳይጋነን አልቀረ ይሆናል፤ ቁመቱን ላየ ሰው ግን ለማመን አይከብድም። ከዚያ በኋላ ቤርቶኔ ለላንቺያ የነደፈው፣ የፌራሪ ዲኖ ሞተር የተገጠመለት ስትራቶስ፣ ከ1974 እስከ 1976 በተከታታይ ሦስት የዓለም የራሊ ሻምፒዮናዎችን አስገኝቷል። ሁለቱ መኪኖች ከስማቸውና ከሽብልቅ ቅርጻቸው በቀር የሚጋሩት ብዙ ነገር ባይኖርም፣ ለዜሮ ታሪካዊ ክብደት የሰጠው ይኸው ዝምድና ነው።

ዜሮ ለአርባ ዓመት ያህል ከሠሪው እጅ አልወጣም። በመካከሉ ብርማ ቀለም ተቀብቶ በ1988 በወጣው የማይክል ጃክሰን ፊልም ውስጥ ታይቷል፤ በ2000 ገደማ በተደረገለት እድሳትም የቀድሞው ነሐስማ ቀለሙ ተመልሶለታል። ከሠሪው የለየው የቤርቶኔ የገንዘብ ችግር ነበር። በግንቦት 2011 በኮሞ ሐይቅ ዳር በቪላ ዴስቴ በተካሄደ ጨረታ ከስብስቡ ስድስት መኪኖች ሲሸጡ፣ ዜሮ 761,600 ዩሮ አወጣ። በዚያው መድረክ ላምቦርጊኒ ማርዛል ከ1.5 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ማውጣቱን ለሚያስታውስ ሰው ዋጋው ዛሬ እንደ ርካሽ የሚቆጠር ነው። በ2014 በአትላንታ የሃይ ሙዚየም ባዘጋጀው የሕልም መኪኖች ዐውደ ርእይ ላይ ቀርቧል፤ ኋላም አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በየትርኢቱ ከመቆሙ ባሻገር አልፎ አልፎ በጎዳና ላይ ይነዳል።