የአይሁድ ቤተሰብ ዘር ከድሮ ደብዳቤ ላይ እንዴት ይፈለጋል

የምስራቅ አውሮፓ አይሁዶች (አሽከናዚ የሚባሉት) ዘራቸውን ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚያዩት መዝገብ ነው፣ ግን ብዙ ከተማ ላይ መዝገቡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወድሟል፣ የተረፈውም ሩቅ አይወስድም፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ ቋሚ የቤተሰብ ስም የያዙት መንግስት አስገድዷቸው ነው፣ ኦስትሪያ በ1787 ሩሲያ በ1804 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከዛ በፊት ልክ እንደኛ እገሌ የእገሌ ልጅ ነበር የሚባለው። ስለዚህ አሜሪካ የገባ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጠው ደብዳቤ ትልቅ ሀብት ነው።

አብዛኛው በይዲሽ (አሽከናዚዎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ) ነው የተጻፈው። ፊደሉ የዕብራይስጥ ነው፣ የእጅ ጽሁፉ ግን ከታተመው በጣም ስለሚለይ ለብቻው መማር ይፈልጋል።

በኔ እይታ ከሁሉም በላይ መታየት ያለበት ከሰው ስም ቀጥሎ ያለችው ምህጻረ ቃል ናት። ዓይንና ሄ የሚባሉት የዕብራይስጥ ፊደሎች ከሆነች ሰውየው ሞቷል፣ ኑንና ዮድ ከሆነች በህይወት አለ፤ በሁለት ፊደል ብቻ አያትየው ያኔ ይኑሩ አይኑሩ ታወቀ ማለት ነው። አሽከናዚዎች ደግሞ ልጅ የሚሰይሙት በሞተ ዘመድ ስም ነው፣ እና "ወንድ ልጅ ተወለደልን፣ ሌይብ አልነው" የሚል ከተገኘ ከዛ በፊት ያረፈ ሌይብ የሚባል ዘመድ መፈለግ ነው።

ቀኑ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በሳምንቱ በሚነበበው የኦሪት ክፍል ስም ነው፣ ዓመቱ ደግሞ በአይሁድ አቆጣጠር በፊደል ሆኖ አምስት ሺውን ይዘሉታል። ለምሳሌ 672 (5672 ማለት ነው) ላይ 1240 ሲደመር በፈረንጅ 1912 ይመጣል፣ ግን አዲስ ዓመታቸው መስከረም አካባቢ ስለሚገባ ከዛ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 1239 ነው የሚደመረው፣ 7 እና 8 እያልን ለምንቀንስ ለኛ ይሄ ቶሎ ይገባናል። ፖስታውም አይጣል፣ ማህተሙ ከተማውን ይናገራል፣ ለምበርግ የሚለው ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ያለው ልቪቭ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ በቀይ መስቀል የሚላከው መልእክት ከ25 ቃል ማለፍ አይችልም ነበር፣ መልሱም እዛው ወረቀት ጀርባ ላይ ነው የሚጻፈው። ለብዙ ቤተሰብ የመጨረሻው ድምጽ ይሄ ነው፣ በጣም ያሳዝናል። ከዛ በኋላ ስሙንና ከተማውን ይዞ ኢየሩሳሌም ያለው ያድ ቫሼም (ናዚዎች የገደሏቸው አይሁዶች መታሰቢያ ተቋም) ኦንላይን ያስቀመጠው የሟቾች ስም ዝርዝር ውስጥ መግባት ነው፣ እዛ ያለው የምስክርነት ቅጽ ላይ የሟቹ ብቻ ሳይሆን ቅጹን የሞላው ሰው ስምና ዝምድናም ስላለ፣ ጭራሽ የማይታወቅ የዘመድ ቤተሰብ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ነው።