የድሮ ኮምፒውተር ስንት ያወጣል? የኦንላይን ጨረታ ዋጋ አነባበብ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንድ ወዳጄ አጎቱ ድሮ ከውጭ ያመጣውን ኮሞዶር 64 የተባለ የቤት ኮምፒውተር አሳየኝና ኢቤይ የሚባለውን የኦንላይን መሸጫና መጫረቻ ድረ ገጽ አይቶ «ኢቤይ ላይ 900 ዶላር ይላል!» አለኝ። ቆይ አልኩት። እሱ ያየው ሻጩ የጠራውን ዋጋ ነው። ቅዳሜ ገበያም እኮ ሻጭ ያሻውን ይጠራል፣ ገዢ ግን ያንን አይከፍልም። ትክክለኛውን ለማወቅ «የተሸጡ» የሚለውን ማጣሪያ ንኩ።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ጨረታው ላይ ነው። ኢቤይ ላይ የመጨረሻ አቅማችሁን ታስገባላችሁ፣ ሌላው ተጫራች አያየውም፣ ሲስተሙ በእናንተ ፈንታ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ ይጫረታል። እናንተ 300 ዶላር ብትጽፉና ተከታያችሁ 120 ላይ ቢያቆም የምትከፍሉት ከ120 ትንሽ ከፍ ያለ ነው። 300 አይደለም። ዋጋውን የሚወስነው ሁለተኛው ሰው ነው ማለት ነው! ሁለት እልኸኛ ሰብሳቢዎች ከተገናኙ ዋጋው ይሰቀላል፤ በዚያ ሳምንት አንድ ፈላጊ ብቻ ካለ ያው ዕቃ በርካሽ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ሽያጭ አትፍረዱ፣ ብዙ አይታችሁ መሃሉን ያዙ።

ብርቅነትም ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በ666.66 ዶላር ለገበያ የቀረበው የአፕል ኩባንያ የመጀመሪያ ኮምፒውተር፣ አፕል 1፣ የተሠራው 200 ገደማ ብቻ ነው፣ አንዱ በ2014 በጨረታ 905,000 ዶላር አውጥቷል። ኮሞዶር 64 ግን በሚሊዮኖች ተመርቷል።

ወዳጄን መጀመሪያ መሥራቱን እናረጋግጥ አልኩት። ብቻ የፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ሳጥን) ቮልቴጅ ሳይለካ እንዳይሰካው፤ ያረጀው ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ቺፖቹን ያቃጥላል።