አልፈታ ያለ የባሌስትራ ብሎን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አዳማ ውስጥ አሮጌ ላንድሮቨር የሚነዳ ሰው አንድ ቀን ባሌስትራ፣ ማለትም የመኪናውን ክብደት የሚሸከመውን የብረት ስፕሪንግ፣ ማውረዱ አይቀርም። ያኔ ብሎኑ አልፈታ ይላል። ወዲያው ምክር ይዘንባል። "ምታው!" "ናፍጣ አፍስበት!" "እሳት አሳየው!" ከምክሩ ብዙው ግማሽ እውነት ነው። መኪና የሚያበላሸውም ይኸው ግማሽ እውነት ነው። የማወራው ፊትም ኋላም ባሌስትራ ስላላቸው የሲሪስ ላንድሮቨሮች ነው። የመጨረሻው፣ ሲሪስ 3፣ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ነው። ስለዚህ ትንሹም ቢሆን ዕድሜ ጠገብ ነው።

"አገራችን ደረቅ ናት፤ ዝገት የወደብ አገር ችግር ነው"

ለዝገት ውሃና አየር ይበቃዋል። ጨው ያፋጥነዋል እንጂ ግዴታ አይደለም። ጨውም ቢሆን ሩቅ አይደለም። በመተሐራ በኩል የሚመላለስ መኪና በበሰቃ ሐይቅ ዳር ያልፋል፤ የሐይቁ ውሃ ጨዋማ ነው። የአዳማ አቧራ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በክረምት ጭቃ ሆኖ ባሌስትራው ጆሮ ላይ (ብሎኑ በሚያልፍበት የጫፉ ቀለበት ላይ) ይለጠፋል፣ እርጥበቱንም ይዞ ይቆያል። ላዩ የታጠበ መኪና ከሥሩ ታጥቧል ማለት አይደለም።

"ዳዶው ከወጣ በኋላ መዶሻ ብቻ ነው"

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ባሌስትራው ጆሮ ውስጥ ጎሚኒ፣ ማለትም ንዝረት የሚያለዝብ ጎማ፣ አለ። በጎሚኒው መሃል ቀጭን የብረት ቱቦ አለ። ብሎኑ የሚያልፈው በዚያ ቱቦ ውስጥ ነው። በብሎኑና በቱቦው መካከል ውሃ ይገባል፣ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በጠባቡ ክፍተት ውስጥ ራሱን እንደ ሽብልቅ ይወትፋል። ዓመታት ሲያልፉ ብሎኑና ቱቦው አንድ ብረት ይሆናሉ።

ምልክቱ ቀላል ነው። ቁልፍ አስገብታችሁ ብሎኑን ስታዞሩት ትንሽ ይሄዳል። ስትለቁት ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ሰው "እየላላ ነው" ብሎ ይደሰታል። የተጠመዘዘው ግን ጎሚኒው ነው፤ ብሎኑ ከቱቦው ንቅንቅ አላለም።

ሌላም ነገር አለ። ባሌስትራውን ከቻሲሱ (ከመኪናው የብረት አጽም) ጋር የሚያያይዘው ማንጠልጠያ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች አሉት። በሲሪስ ላንድሮቨር ከሁለቱ አንዱ ራሱ ጥርስ አለው። ብሎኑ እዚያ ላይ ይታሰራል፤ ዳዶው መቆለፊያ ብቻ ነው። ዳዶውን አውጥቶ በመዶሻ መምታት ማለት እንግዲህ ጥርስን በጉልበት መቅደድ ነው። የብሎኑም ጫፍ ተደፍጥጦ ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ በምንም ቀዳዳ አያልፍም።

ጎሚኒው መቀየሩ ላይቀር ለምን ትታገላላችሁ? በጎሚኒውና በጠፍጣፋው ብረት መካከል ባለው ክፍተት የብሎኑን ግራና ቀኝ በብረት መጋዝ ቁረጡት። ባሌስትራው ቁራጩን እንደያዘ ይወርዳል። ጎሚኒውን ከነቱቦው ከነብሎኑ በፕሬስ ማስወጣት ነው። እኔ መቁረጥን እንደ ሽንፈት አላየውም። ቀኑን ሙሉ ከመታገል ብሎን መግዛት ይሻላል። መጋዙ ቻሲሱ ላይ የተበየደውን ብረት እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ።

"ረጅም ብረት ጨምርበት፣ ይፈታል"

ወይ ይፈታል ወይ ይቆረጣል። የዛገ ብሎን በቀጥታ ጉልበት ሲጠመዘዝ መሰበር ይቀናዋል። መጀመሪያ ትንሽ አጥብቁት፣ ከዚያ ፍቱት፣ መልሱት፣ እንደገና ፍቱት። በየመሃሉ የብሎኑን ራስ መታ መታ ማድረግ ዝገቱን ያናጋዋል። ቁልፉም ልኩ ይሁን። የእነዚህ መኪኖች ብሎን በኢንች የተሠራ ነው። ተቀራራቢ የሚሊሜትር ቁልፍ ካስገባችሁበት ራሱ ይበላል፣ አበቃ።

"ናፍጣም፣ የፍሬን ዘይትም፣ ደብሊውዲ 40ም ያው ናቸው"

አይደሉም። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል እንጂ ብሎን አይፈታም። ናፍጣ ትንሽ ይረዳል። ደብሊውዲ 40 እ.ኤ.አ. በ1953 የተሠራው ውሃን ከብረት ላይ ለማባረር ነበር፤ ለከባድ ዝገት በተለይ የተሠራ ዘልቆ ገብ ዘይት ይበልጠዋል። ከዘይቱ ዓይነት በላይ ግን ጊዜው ወሳኝ ነው። ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጉ፣ ማታ ቀቡት፣ ጠዋት ድገሙት። ቱቦው ውስጥ የያዘ ብሎን ከሆነ ግን ዘይቱ እዚያ ድረስ መድረሱ አጠራጣሪ ነው።

"ጋሼ፣ ትንሽ እሳት እናሳየው"

ሐሳቡ መሠረት አለው። ዳዶ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ይላላል። ባሌስትራ ግን ተራ ብረት አይደለም። ጥንካሬውን ያገኘው በተለካ ሙቀት ነው። በእሳት ከጋለ ይለሰልሳል ወይም ይሰባበራል፤ ጉዳቱ የሚታየው ደግሞ ቆይቶ መንገድ ላይ ነው። አሞርዛተርን፣ ማለትም የባሌስትራውን ውዝዋዜ የሚገታውን ዕቃ፣ ማጋል ከዚህም የባሰ ነው። ውስጡ የታሸገ ዘይት ስላለ ሊፈነዳ ይችላል። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የጎማ ቱቦና የነዳጅ ታንከርም እዚያው አካባቢ ናቸው። ለዳዶ ብቻ፣ ለዚያውም ሁሉን ካራቃችሁ በኋላ ካልሆነ፣ እሳት አላበረታታም።

"ክሪኩ ይበቃል"

አይበቃም! ቻሲሱ በጠንካራ ማቆሚያ ይደገፍ፣ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች ታኮ ይደረግላቸው። ግራና ቀኝ ጎማውን የሚይዘው አክስልም ለብቻው ይደገፍ፤ ባሌስትራው ሲለቅ የሚይዘው የለም።

"ቶርኖ ቤት ብሎን ይቀርጽልኛል"

ቶርኖ ቤት ችግር የለበትም፤ ችግሩ ብረቱ ነው። ከፌሮ የተቀረጸ ብሎን መልኩ ያምራል፣ ጭነት ሲመጣበት ግን ይታጠፋል። ለባሌስትራ የተሠራውን ፈልጉ። ስትገጥሙ ቱቦው ውስጥ የሚያልፈውን የብሎን አካል ግራሶ ቀቡት። ጎሚኒውን ግን አትቀቡት፤ ተራ ግራሶ ጎማውን እያሳበጠ ይበላዋል።

"ክሪክ ላይ እያለ አጥብቆ መጨረስ ነው"

ብሎኑ ሲጠብቅ የጎሚኒው ቱቦ ባለበት ይቆለፋል። መኪናው ተንጠልጥሎ ካጠበቃችሁት፣ ሲወርድ ጎማው እንደተጠመዘዘ ይቀራል። አዲሱ ጎሚኒ ቶሎ የሚቀደደው አንዱ በዚህ ነው። መጀመሪያ አላልታችሁ እሰሩ፣ መኪናውን በጎማው አቁሙ፣ ወደ ታች ጫን ጫን አድርጋችሁ አወዛውዙት፣ ከዚያ አጥብቁ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ብሎኖች ደግሞ አዲስ አበባ ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ አንዴ ድገሟቸው።