የማይሞቱ በጎች፣ የማይጠፋ መብራት

በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ የቆዩ ቤተ መቅደሶች ግድግዳ ከመሠረቱ ጀምሮ በፊደል የተሞላ ነው። ጸሎት ይመስላል፤ አብዛኛው ግን የስጦታ ውል ነው። ደጋግሞ ከሚነሡት ስጦታዎች አንዱ «ናንዳ ቪላኩ» ነው፤ በአምላኩ ፊት ቀንና ሌሊት የሚበራ መብራት።

መብራቱን ማቆም አይከብድም፤ የሚከብደው የሚነድበትን ቅቤ ዘወትር ማግኘት ነው። በቾላ ነገሥታት ዘመን፣ ከ9ኛው እስከ 13ኛው መቶ ዘመን፣ የተለመደው ዘዴ በግ መስጠት ነበር። ለአንድ መብራት ብዙውን ጊዜ 96 በጎች ይመደባሉ። በጎቹን የሚረከበው «መንራዲ» የሚባል እረኛ ሲሆን፣ ግዴታው በየቀኑ አንድ «ኡላኩ» የተነጠረ ቅቤ ማስገባት ነው። ኡላኩ «ናሊ» የሚባለው መስፈሪያ ሩብ ነው።

ጽሑፎቹ እነዚህን በጎች «ሳቫ ሙቫ ፔራዱ» ይሏቸዋል፤ «የማይሞቱ፣ የማያረጁ ታላላቅ በጎች» ማለት ነው። ቅኔ ይመስላል እንጂ የሒሳብ ቋንቋ ነው። በግ ይሞታል፤ ቁጥሩ ግን አይጎድልም፤ የሞተውን የሚተካው ግልገል ነው። ኪሳራው የእረኛው እንጂ የመብራቱ አይደለም።

ወርቅ የሰጠም ነበር። ወርቁ ለመንደሩ ጉባኤ በአደራ ይቀመጥና በወለዱ ዘይት ወይም ቅቤ ይቀርባል።

ሰጪዎቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። እንደ ሴምቢያን ማሃዴቪ ያሉ ንግሥቶች፣ ነጋዴዎችና ወታደሮች አሉበት። ከሁሉ የሚገርሙት ሳያስቡ ነፍስ ያጠፉ ሰዎች ናቸው። አዳኝ አውሬ መስሎት ሰው ሲገድል፣ ጉባኤው ተሰብስቦ ሞት አይገባውም፣ ይልቅ መብራት ያቁም ብሎ የፈረደባቸው ጉዳዮች በድንጋይ ተቀርጸው ቀርተዋል። ነፍስ በብርሃን ተካሰ ማለት ነው፤ የሟቹ ቤተሰብ ምን እንደተሰማው ግን ድንጋዩ ዝም ይላል።

በታንጃቩር፣ የቾላው ንጉሥ ቀዳማዊ ራጃራጃ ባሠራውና በ1010 እ.ኤ.አ. በተፈጸመው ታላቅ ቤተ መቅደስ፣ ነገሩ የመዝገብ ቤት ሥራ ይመስላል፤ እንስሳቱን የተረከቡት እረኞች ስም እንኳ ተቀርጿል። ቅቤው የሚለካው በሂንዱው አምላክ በሺቫ ስም «አዳቫላን» በተባለ መስፈሪያ ነው።

ውሉ «ጨረቃና ፀሐይ እስካሉ» ይጸናል። ጥበቃው ለሺቫ አማኞች በአደራ ይሰጣል፤ አንዳንዶቹ ጽሑፎችም መብራቱን ያስቀረ ሰው በሰሜን ካለው ከጋንጋ ወንዝ እስከ ሕንድ ደቡባዊ ጫፍ እስከ ኩማሪ ባለው ምድር የተሠራው ኃጢአት ሁሉ ይውደቅበት ይላሉ።