የጎዳና ብስክሌት ፔዳል ብልሽቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ተነሥቶ ወደ ፒያሳ የሚያደርሰውን ዳገት በጎዳና ብስክሌት የሚወጣ ሰው፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ክብደቱን በፔዳሉ ላይ ሲያሳርፍ ከእግሩ ሥር «ሲጢጥ» ወይም «ቋ» የሚል ድምፅ ቢሰማ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ምክር ነው። አንዱ «ፔዳሉ አልቋል፣ ቀይረው» ይላል፤ ሌላው «ዘይት አጠጣው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሳይጠይቅ ቁልፍ አንሥቶ ማጥበቅ ይጀምራል። ምክሮቹ ከቅን ልብ የመነጩ ቢሆኑም ብዙዎቹ በተሳሳተ ግምት ላይ የቆሙ ናቸው፤ የስህተቱም ዋጋ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በፔዳሉ ሳይሆን ፔዳሉ በሚታሰርበት የክራንክ ክንድ ነው። ፔዳል ፈልጎ ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። ፔዳሉ የሚገባበት ቀዳዳ የብሎን ጥርሱ የተበላ የአሉሚኒየም ክራንክ ግን ተተኪው እስኪገኝ ድረስ ብስክሌቱን ከግድግዳ ጋር አስደግፎ ያስቀራል።

«ድምፁ ከፔዳሉ በኩል ከተሰማ ጥፋቱም የፔዳሉ ነው»

ያለ አግባብ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ግምት ይህ ነው። የብስክሌት አካል ውስጡ ባዶ ከሆኑ ቱቦዎች የተሠራ ስለሆነ አንድ ቦታ የተነሣን ድምፅ ወደ ሌላ ቦታ ያደርሳል፣ ያጎላዋልም። በዚያ ላይ እግር ፔዳሉን በገፋ ቁጥር መቀመጫውም፣ መሪውም፣ የክራንኩ ማዕከላዊ ኩሽኔታም አብረው ይጫናሉ፤ ስለዚህ የላላ የመቀመጫ ብሎን እንኳ ልክ በእግር ምት እየተመራ ሊጮኽ ይችላል። ድምፁ ከእግር ጋር መግጠሙ ብቻውን ምንም አያስረዳም ማለት ነው።

ቁልፍ ከመነሣቱ በፊት መቁጠር ይቀድማል። ድምፁ ክራንኩ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር በአንድ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ የሚሰማ ከሆነ ምንጩ ከፔዳሉ፣ ከጫማው፣ ከክራንኩ ወይም ከማዕከላዊው ኩሽኔታ አይርቅም። በየሁለት ዙሩ ገደማ ወይም ከዚያ ዘግየት ብሎ የሚመለስ ከሆነ ግን ፔዳሉን ትተው ካቴናውን ይመልከቱ፤ 110 ያህል ቀለበት ያለው ካቴና 50 ጥርስ ባለው የፊት ማርሽ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ለመጨረስ ክራንኩ ከሁለት ጊዜ በላይ መዞር አለበት፤ አንድ የደረቀ ቀለበትም በዚያ ልክ እየቆየ ራሱን ያሰማል። ተነሥተው ሲነዱ የሚጠፋና ሲቀመጡ የሚመለስ ድምፅ የመቀመጫው ወይም የመቀመጫው ምሰሶ ነው። በሜዳማ ቦታና መኪና በሌለበት መንገድ አንዱን እግር ከፔዳሉ አውጥቶ በሌላው ብቻ ጥቂት መግፋት ደግሞ ግራና ቀኙን ለመለየት ይረዳል።

ቀጥሎ እጅ ይመጣል። ብስክሌቱን አቁመው በአንድ እጅ የክራንኩን ክንድ አጥብቀው ይያዙ፤ በሌላው ፔዳሉን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቅንቁት። ክንዱ ሳይንቀሳቀስ ፔዳሉ ብቻ ከተነቃነቀ የፔዳሉ ኩሽኔታ ላልቷል ወይም ተበልቷል። ክንዱ ራሱ ከፔዳሉ ጋር ወደ ጎን ከተነቃነቀ፣ ተቃራኒውንም ክንድ ይዘው ይሞክሩት፤ ሁለቱም አብረው ከተነቃነቁ ጉዳዩ የማዕከላዊው ኩሽኔታ ነው፣ አንዱ ብቻ ከሆነ ግን የዚያ ክንድ ማሰሪያ ነው። ይህ ሙከራ ገንዘብም ሆነ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚወስደውም ግማሽ ደቂቃ ነው። ሆኖም ሲደረግ የሚታየው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

«ሁለቱም ፔዳሎች ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይጠብቃሉ»

የቀኙ አዎ፤ የግራው ግን አይደለም። የግራ ፔዳል ጥርስ የተገለበጠ ነው፤ ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩት ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል። ይህን ያላወቀ ሰው ለመፍታት በገፋ ቁጥር እያጠበቀው ይሄዳል፤ «ዝጎ ተጣብቋል» ብሎም ቁልፉን በቱቦ ያስረዝማል፣ መዶሻም ያነሣል።

እኔም አንድ ጊዜ ብስክሌቴን በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ለመላክ ፔዳሎቹን ማስፈታት አስፈልጎኝ ነበር። ያስፈታኋቸው ሰው በሥራቸው የተከበሩ ቢሆኑም የለመዱት የመኪና ዳዶ ነውና የግራውን ወደ ለመዱት አቅጣጫ ገፉት። «ጋሼ፣ ይሄኛው በተቃራኒው ነው» ብል «ልጄ፣ ብሎን ብሎን ነው» አሉኝ። በመጨረሻ ወጣ፤ የወጣው ግን የክራንኩን ጥርስ ጠርጎ ይዞ ነው። የፔዳሉ ፔርኖ (ፔዳሉ የሚዞርበትና ክራንኩ ውስጥ የሚገባው ዘንግ) ብረት፣ ክራንኩ አሉሚኒየም ስለሆነ በእንዲህ ያለ ትግል ሁልጊዜ የሚሸነፈው ክራንኩ ነው።

ግራና ቀኝን ማስታወስ የሚያስቸግረው ሰው አንድ ደንብ ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል። ቁልፉን ወደ ላይ አቁሞ በፔርኖው ላይ ያስገባው፤ የቁልፉን ጫፍ ወደ ብስክሌቱ የፊት ጎማ ሲገፋ ሁለቱም ፔዳሎች ይጠብቃሉ፣ ወደ ኋላ ጎማ ሲስብ ሁለቱም ይፈታሉ። ደንቡ 15 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ከውጭ ለሚጠቀምም፣ ባለ ስድስት ጎን የአለን ቁልፍ ከክራንኩ ጀርባ ለሚያስገባም እኩል ይሠራል፤ የአለኑ መጠን እንደ ፔዳሉ 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ነው። በአብዛኞቹ ፔዳሎች ላይ ለግራው «ኤል»፣ ለቀኙ «አር» የሚል የላቲን ፊደል ተቀርጿል፤ ጭቃውን ጠርጎ ማንበብ ነው።

ሲመለስም መጀመሪያ በጣት ብቻ ይግባ። ሦስት አራት ዙር ያለ ቁልፍ ካልሄደ ወይ ገደድ ብሏል፣ ወይ ጎኑ ተሳስቷል፤ አውጥቶ እንደገና መጀመር እንጂ በቁልፍ ማስገደድ አይገባም። ጥርሱ አስቀድሞ የተበላ ከሆነም ክራንኩን ለመጣል አይቸኩሉ። ቶርኖ ቤት ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ የብረት ቡሽ (ውስጡ ጥርስ ያለው ቀለበት) ሊገባለት ይችላል፤ ለባለሙያው መነገር ያለበት መለኪያው ብቻ ነው። በዛሬዎቹ የጎዳና ብስክሌቶች ላይ የፔዳል ጥርስ 9/16 ኢንች ስፋትና በአንድ ኢንች 20 ጥርስ ያለው ነው፤ ለግራው ክንድ ከሆነ የተገለበጠ መሆኑ አይዘንጋ። ቡሹን በብየዳ ወይም በሙጫ መተካት ግን ዳገት ላይ ተነሥቶ ለሚገፋ ሰው አደገኛ ነው።

«የግራው ጥርስ የተገለበጠው ኩሽኔታው ሲፋተግ ፔዳሉን እንዳይፈታው ነው»

ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች እንኳ ምክንያቱን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጉዳዩ የኩሽኔታ ፍትጊያ ቢሆን ኖሮ ጥርሶቹ ዛሬ ካሉበት በተቃራኒው መቆረጥ ነበረባቸው፤ ምክንያቱም ክራንኩ ወደ ፊት ሲዞር ፔዳሉ ከክራንኩ አንጻር ወደ ኋላ ይዞራል፣ የደረቀ ኩሽኔታም ፔርኖውን ወደ መፍቻው አቅጣጫ ይጎትተዋል። የሚበልጠው ኃይል ሌላ ነው። በጥርሱና በቀዳዳው መካከል ሁልጊዜ ዓይን የማያየው ጥቂት ክፍተት አለ፤ የነጂው ክብደት ወደ ታች እንደተጫነ ክራንኩ ሲዞር ፔርኖው በቀዳዳው ግድግዳ ላይ እየተንከባለለ፣ ከተጫነው ክብደት ዙር በተቃራኒ አቅጣጫ በጥቂት በጥቂቱ ይዞራል። ማየት የፈለገ ሰው እርሳስ ላላ አድርጎ በጭብጡ ይያዝና የእርሳሱን ጫፍ በሌላው እጁ በክብ ያዙረው፤ እርሳሱ በጭብጡ ውስጥ በተቃራኒው ሲዞር ይታያል። ጥርሱ የተገለበጠው ይህ መንከባለል ሁለቱንም ፔዳሎች እንዲያጠብቅ ነው።

«ጥርሱ ግራሶ ከተቀባ ፔዳሉ መንገድ ላይ ይፈታል»

ከላይ የተባለው እንደሚያሳየው አይፈታም። ይልቁንም ደርቆ የገባ የብረት ፔርኖ በክረምቱ እርጥበት ከአሉሚኒየሙ ጋር ይነካከሳል፣ ሲጢጥታም ያመጣል፤ ከዓመት በኋላም አይወጣም። ጥርሱን በጨርቅና በናፍታ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ስስ ግራሶ ቀብቶ በልኩ ማጥበቅ በጣም ብዙ «የፔዳል ብልሽቶችን» በዚያው ያስወግዳል። የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ ለፔዳሎቹ የሚያዘው ከ35 እስከ 55 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህም በ30 ሴንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ ከ12 እስከ 19 ኪሎ ግራም ገደማ እንደ መጫን ነው። ከክራንኩ ጋር የተሰጠ ሮንዴላ ካለ አይጣል። (የጋራዥ ቋንቋችን ከፒያሳ ስም ጀምሮ ጣሊያንኛ የቀመሰ መሆኑን ልብ ይሏል፦ ካቴና፣ ግራሶ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ቶርኖ። ፊደላችን ሳይለወጥ መሣሪያው ስሙን ይዞ ገባ።)

«በጣት ሲመታ ብዙ የሚሽከረከር ፔዳል ጤነኛ ነው»

ገበያ ላይ ፔዳል ሲመረጥ የሚደረገው ፈተና ይህ ነው፤ ግን የሚመሰክረው ብዙውን ጊዜ ተቃራኒውን ነው። ግራሶ የተሞላና አቧራ መከላከያ ጎማው ያልተበላ አዲስ ፔዳል በጣት ሲመታ ከአንድ ሁለት ዙር በኋላ ይቆማል፤ ግራሶው ያለቀ ፔዳል ግን እንደ ፉሪት ይሽከረከራል። መመርመር ያለበት የዙሩ ብዛት ሳይሆን ስሜቱ ነው። ፔርኖውን በጣት በዝግታ ያዙሩት፤ እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ቆሻሻ ገብቷል፣ በየቦታው ቆም ቆም የሚል ከሆነ የኩሽኔታው መንገድ ተቦርቡሯል።

ጎንደር ላይ ሁለት ጠላቶች ይፈራረቃሉ፦ የበጋው አቧራና የክረምቱ ጭቃ። ሦስተኛውን ግን ራሳችን ጨምረንበታል፤ እርሱም ላቫጆ ነው። መኪና የሚታጠብበት ውኃ በግፊት ሲመጣ የፔዳሉን መከላከያ ጎማ አልፎ ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል፣ ውኃውንም በቦታው ትቶት ይሄዳል። በቆርቆሮ የሚሸጡ ቀጫጭን የሚረጩ ዘይቶችም ከዚህ አይሻሉም፤ ዝገትን ለማላቀቅ ጥሩ ናቸው፣ በኩሽኔታ ውስጥ ግን ያለውን ግራሶ አቅጥነው ያስወጡታል። ድምፁ ለሁለት ቀን ይጠፋና ብሶበት ይመለሳል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትማ አቧራ ሰብስቦ እንደ ሞረድ ይሞርዳል።

መፍትሔው ፔርኖውን አውጥቶ ማጠብና ግራሶውን መለወጥ ነው። ውስጡ የተበተኑ የብረት ኳሶች ያሉት ዓይነት ከሆነ ኳሶቹን ከየጎኑ ቆጥሮ በየዕቃቸው ማስቀመጥ፣ የተቦረቦሩትን በተመሳሳይ መጠን መተካት፣ ከዚያም ሾጣጣውን ዳዶ እየነኩ ሳይነቃነቅና ሳይከብድ የሚዞርበትን ነጥብ መፈለግ ያስፈልጋል። ቆላፊው ዳዶ ሲጠብቅ ሾጣጣውን ትንሽ ይዞት ስለሚሄድ የመጀመሪያው ሙከራ ብዙም አይሳካም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መመለስ የሙያ ጉድለት አይደለም። ተዘግቶ የተሠራ ኩሽኔታ ያለው ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ኩሽኔታ መቀየር ነው።

«ጫማው ሲጮኽ የፔዳሉን ስፕሪንግ ማጥበቅ ነው»

ጫማን የሚይዝ የጎዳና ፔዳል የተለመደው ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ካቀረበውና ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ በርናር ኢኖ በቀጣዩ ዓመት የፈረንሳይን ዙር (ቱር ደ ፍራንስን) በእርሱ ካሸነፈ ወዲህ ነው። ስፕሪንጉን የምታጠብቀው በፔዳሉ ላይ ያለች ትንሽ ብሎን የምትወስነው እግር ለመውጣት የሚያስፈልገውን ኃይል ብቻ ነው፤ ድምፅ አታጠፋም፤ ከልክ በላይ የጠበቀች እንደሆነ ግን በመብራት ላይ ቆሞ እግሩን ማውጣት ያልቻለ ሰው ከነብስክሌቱ ይወድቃል። የድምፁ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ከጫማው ሶል ሥር የሚታሰረው ፕላስቲክ ነው። በኮብልስቶን ላይ በእርሱ መራመድ ጫፎቹን ይበላቸዋል፤ ሦስቱ ብሎኖቹም ይላላሉ፤ እነርሱን ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ማጥበቅና የተበላውን መቀየር ይበቃል። ሲቀየር ግን የሉክ ፕላስቲክ በሺማኖ ፔዳል ላይ በትክክል አይገጥምም። ቀለሙም ለውበት አይደለም፦ በሺማኖ ቢጫው 6፣ ሰማያዊው 2 ዲግሪ እግርን ያላውሳል፣ ቀዩ ጨርሶ አያላውስም፤ ኬኦ በተባለው የሉክ ዓይነት ግን ቀዩ 9 ዲግሪ ነው። «ቀዩ የውድድር ነው» ተብሎ ያለ ልኬት የተገዛ ፕላስቲክ ጉልበት ያሳምማል።

«የተጣመመ ፔርኖ በመዶሻ ይቃናል»

ከወደቁ በኋላ እግር በየዙሩ ወደ ጎን እንደሚወዛወዝ ከተሰማ የተጣመመው ፔርኖው ወይም ክራንኩ ነው። ለመለየት ግራና ቀኙን ማለዋወጥ ስለማይቻል፣ ለዚያው ጎን የሚሆን ጤነኛ ፔዳል ከጓደኛ ተውሶ መግጠም ያስፈልጋል፤ ውዝዋዜው ከጠፋ ጥፋቱ የፔርኖው፣ ከቀጠለ የክራንኩ ነው። የተጣመመው በመዶሻ ሲቃና ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያበጃል፤ ያ ስንጥቅ የሚከፈተውም ነጂው ሙሉ ክብደቱን ባሳረፈበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ፔርኖ ከተጣመመ ፔዳሉ ይቀየራል፣ ክንድ ከተጣመመ ክንዱ ይቀየራል። የወጣውንም አሮጌ ፔዳል ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይገጥመው ከመጣሉ በፊት ጥርሱን በመጋዝ መቁረጥ ይሻላል።